ከዳሞት ገደል እስከ ደብረ አስቦ ዋሻ
አቡነ ተክለ ሃይማኖትና መዝሙረ ዳዊት

ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ዕረፍት ነው። ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ዓመቱ ሊፈጸም ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው የሚውለው ይህ በዓል በደብረ ሊባኖስ ገዳም በታላቅ ሥነ ሥርዓት እንደሚከበር አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ የጻድቁ ስም ከሸዋ ተራሮች ርቆ፣ ከወላይታ ሶዶ በስተ ደቡብ ምዕራብ በኦፋ ወረዳ በምትገኘው በገሱባና በዙሪያዋ ባሉ ምእመናን ቤትም እንደ ቅርብ ዘመድ ስም ይጠራል። ገድላቸው ከሚተርካቸው ፈተናዎች ሁሉ አስጨናቂው የደረሰባቸው በዳሞት ነውና። ዳሞት ደግሞ ለወላይታ ሰው የሩቅ ሀገር ስም አይደለም። የዳሞታ ተራራ በሶዶ ከተማ ራስጌ ቆሟል። ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ወይዴና ዳሞት ፑላሳ የወላይታ ወረዳዎች መጠሪያ ናቸው። ገድሉ ሞተለሚ የሚለውን ንጉሥም የወላይታ ሽማግሌዎች ካዎ ሞቶሎሚ እያሉ ከጥንት ነገሥታታቸው ይቆጥሩታል።

በዚህ ጽሑፍ የጻድቁን ተአምራት በሙሉ መዘርዘር አንሻም። ገድላቸው ወር በገባ በ24 በየደብሩ ይነበባል፤ ምእመናንም ከልጅነት ጀምሮ ሲሰሙት አድገዋል። ማንሳት የወደድነው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ከአባታቸው ቤት ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ቀን ከአፋቸው ያልተለየው መዝሙረ ዳዊት በሕይወታቸው ውስጥ የነበረው ስፍራ ነው። ዳዊት ስንደግም ምስጋናውንና ልመናውን እናያለን፤ በእነዚያው ገጾች ውስጥ ጠላትን የሚመለከተው የመረረ ቃልም አለ። የእናቱ ማራኪ ፊት የቆመ ሰው ከዚህ መጽሐፍ የትኛውን ይዞ ይቆማል? የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዳሞት ታሪክ የሚያስነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

የጻድቁ አባት ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኃረያ ይባላሉ። የሚኖሩትም በሸዋ፣ በጽላልሽ ምድር፣ ዞረሬ በተባለ ስፍራ ነበር። ባለጸጎችና ለድኃ አዛኞች ሲሆኑ ልጅ ግን አልነበራቸውም። በየወሩ በ12 የመልአኩን የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ያከብሩ፣ ነዳያንን ይመግቡ ነበር። ዘመኑ 13ኛው ምዕተ ዓመት ነው። የታሪክ ምሁራን የጻድቁን ዕድሜ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1215 እስከ 1313 ገደማ ያደርሱታል።

በዚያ ወራት የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ ሠራዊቱን አስከትሎ በሸዋ ላይ ወረደ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሕዝቡም ተገደለ፣ ተማረከም። ጸጋ ዘአብ አንድ ፈረሰኛ ሲያሳድደው ከባሕር ውስጥ ገባ። ገድሉ እንደሚለው ቅዱስ ሚካኤል ውኃውን እንደ ድንኳን ዘርግቶ ሰወረው። እግዚእ ኃረያ ግን በወታደሮች እጅ ወደቀች። መልኳ እጅግ ያማረ ስለ ነበር ሳይነኳት ለንጉሡ አቀረቧት። ንጉሡም ሊያገባት ወድዶ በወርቅና በሐር እንድትሸለም፣ የሠርጉም ድግስ እንዲሰናዳ አዘዘ። እርስዋ ታለቅስና ትጸልይ ነበር። በሠርጉ ቀን ነጎድጓድና መብረቅ ሆነ፤ መልአኩም በክንፉ ይዟት ወጣ። ከዚያ ሁሉ ርቀት አምጥቶ በዞረሬ ቤተ ክርስቲያን አቆማት። በዚያች ሰዓት ጸጋ ዘአብ ማዕጠንት ይዞ ሥርዓተ ጸሎቱን ያደርስ ነበርና፣ የነገሥታት ሙሽራ መስላ የተሸለመች፣ ፊቷን የተከናነበች ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ቆማ ባየ ጊዜ ማን እንደ ሆነች አላወቀም። ሚስቱ መሆንዋን ያወቀው ካነጋገራት በኋላ ነው።

ይህን ክፍል ያለ ምክንያት አላስረዘምነውም። የዳሞት ስም በዚያ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደ ነበር አንባቢ እንዲያስበው ነው። ልጁ የተፀነሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ዳሞት ንጉሥ የሰማው ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱ አፍ መሆን አለበት።

ሕፃኑ ታኅሣሥ 24 ቀን ተወለደ፤ ፍሥሐ ጽዮንም ተባለ። በተወለደ በ3ኛው ቀን እጁን ዘርግቶ አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን በአንድነት እንዳመሰገነ ገድሉ ይመሰክራል። ገና በእናቱ እቅፍ ሳለ ረኃብ ሆነ። እናቱ ለቅዱስ ሚካኤል በዓል የምታዘጋጀው በማጣቷ ስታዝን፣ ሕፃኑ እጁን ከሞሰቡ በከተተ ጊዜ ዱቄቱ በረከተ፤ እንደ ወትሮውም ለነዳያን ተረፈ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምስጋና፣ በእጁ የተሠራው የመጀመሪያ ሥራ የችግረኛ ማዕድ ሆነ ማለት ነው።

ለንባብ በደረሰ ጊዜ መዝሙረ ዳዊትን ከአባቱ ተማረ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ሕፃን ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ይቆጥራል፤ ቀጥሎ በወንጌል አልፎ ዳዊት ይገባል። በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እየተመላለሰ 150ውን መዝሙር ሲዘልቅ ዳዊት ደገመ ይባላል። ያን ቀን ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ፤ መምህሩም ይመሰገናል። መጽሐፉ በአሥር በአሥር መዝሙር ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ንጉሥ ይሰኛል፤ መላው ዳዊትም 15 ንጉሥ ይሆናል። ዳዊት በልጅነቱ ከጎልያድ ጋር ስለ መዋጋቱ የሚናገረው 151ኛው መዝሙር ይከተላል። ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃንም በዚያው ጥራዝ ይታከላሉ። ከየሰንበቱ ቅዳሴ ወንጌል በፊት ዲያቆኑ የሚሰብከው ሦስት መሥመር ምስባክም የሚወጣው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። በ6ኛው ምዕተ ዓመት ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያዜመው የቤተ ክርስቲያናችን ዜማም ቢሆን የዳዊትን ቃል መሠረቱ አድርጓል።

ስለዚህ አንድ የካህን ልጅ ዳዊት መድገሙ ከሌሎች የካህናት ልጆች የሚለየው ነገር አልነበረም። የሚለየው ኋላ ያደረገበት ነው። ብዙዎቻችን ዳዊትን የምናነበው የከፋን ዕለት ነው። ፍሥሐ ጽዮን ግን እንደ ዕለት እንጀራ ያዘው።

ዲቁናንም ቅስናንም ከጳጳሱ ከአቡነ ቄርሎስ እንደ ተቀበለ ገድሉ ይናገራል። የባለጸጋ ልጅ ነውና ፈረስ ይጋልብ፣ ቀስት ይወረውር፣ አደን ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር በዱር ሳለ ጌታችን በቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ላይ ሆኖ ተገለጠለት። ከእንግዲህ የሚያድነው አራዊትን ሳይሆን የሰውን ነፍስ እንደሚሆን፣ ስሙም ተክለ ሃይማኖት እንደሚባል ነገረው። ከዚያ ቀን በኋላ የወረሱትን ሀብት ለድኆች አከፋፍለው፣ የቤታቸውን ደጅ ክፍት ትተው ወጡ። ደጁን ሳይዘጉ መውጣታቸውን ገድሉ ለይቶ ይጠቅሰዋል። ሊመለሱ አላሰቡምና።

አስቀድመው በከተታ አስተማሩ። ሕዝቡ ይሰግድለት የነበረውን ዛፍ በጸሎት ነቅለው፣ እንጨቱን ለቤተ ክርስቲያን ሥራ አዋሉት። ከዚያም ወደ ዳሞት ሄዱ።

ስለ ዳሞት አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የ13ኛው ምዕተ ዓመት ዳሞት ከዓባይ በስተ ደቡብ የተዘረጋ፣ ከዛሬው የወላይታ ምድር እጅግ የሰፋ ኃይለኛ መንግሥት ነበረ። ታዋቂው የታሪክ ሊቅ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ይህን አስረድተዋል። ዛሬ በጎጃም ዳሞት የሚባለው አገርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ሕዝብ ከፊሉ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ዓባይን ተሻግሮ ስለ ሰፈረ ነው። ስለዚህ ወላይታ የዳሞትን ስምና የንጉሡን ትዝታ ለብቻው ባይወርስም በሕያውነት ከጠበቁት አገሮች አንዱ ነው ብንል አንሳሳትም።

ወደ ዚያ መሄድ ማለት ወደ ሞተለሚ መሄድ ማለት ነበር። ጻድቁ በዚያ ምድር ሲያስተምሩና ሲያጠምቁ ወሬው ለንጉሡ ደረሰ። ተይዘውም ከፊቱ ቆሙ። በአንድ ወገን ሠራዊት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሸዋን የወረረ ንጉሥ ነው። በሌላው ወገን መስቀልና መቋሚያ የያዘ ካህን ነው። በመካከላቸው ደግሞ ከዓመታት በፊት ከሠርግ አዳራሽ በመብረቅ የተወሰደች ሴት ነበረች። የአንደኛው ያመለጠች ሙሽራ፣ የሌላው እናት ናት።

መዝሙረ ዳዊት ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ቃል ያጣ መጽሐፍ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር 108ኛው መዝሙር ክፉ ያደረገብንን ሰው ዕድሜውንና ሹመቱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሁሉ ሳይቀር የሚመለከት ብርቱ እርግማን ይዟል። ሰው ሲበድለው ይህን መዝሙር መርጦ የሚደግም አለ፤ አድርጎልኛል ብሎ የሚያወራም አይታጣም። አባቶች ግን በዚያ መዝሙር የተነገረው ስለ ይሁዳ የተነገረ ትንቢት መሆኑን ያስተምራሉ፤ የሐዋርያት ሥራም በ1ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ይመሰክራል። ጎረቤትን የምንመታበት በትር እንዲሆን አልተሰጠንም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይህን መዝሙር በቃላቸው ያውቁታል፤ ሰበብም አላቸው፤ የቆሙትም ከራሱ ከበደለኛው ፊት ነው። የገድሉ ጸሐፊ ግን በዚያ ስፍራ አንድም የእርግማን ቃል በአፋቸው አላኖረም። የሚተርክልን ወንጌል መስበካቸውንና መጸለያቸውን ነው።

ንጉሡ ተቆጣ። እጅና እግራቸውን አስሮ ከገደል እንዲወረውሯቸው አዘዘ። ተወረወሩ፤ ቅዱስ ሚካኤልም በክንፉ ተቀብሎ ያለ ጉዳት አቆማቸው። ዳግመኛ ተወረወሩ፤ ዳግመኛም ዳኑ። የሥዕላችን ሠዓሊዎች ይህን ከጻድቁ ታሪክ መርጠው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲሥሉት ኖረዋል።

እዚህ ላይ 90ኛውን መዝሙር የማያስብ ክርስቲያን የለም። በልዑል መጠጊያ ስላለ ሰው፣ በመንገዱ ሁሉ እንዲጠብቁትና እግሩ በድንጋይ እንዳይሰናከል በእጃቸው እንዲያነሡት ስለ ታዘዙ መላእክት የሚናገረው መዝሙር ነው። ሆኖም ይህንኑ መዝሙር ሌላም ጠቅሶታል። በማቴዎስ ወንጌል 4ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ፈታኙ ጌታችንን ከቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ሲጠይቀው ማስረጃ ያደረገው ይህንኑ የዳዊት ቃል ነው። ጌታችንም እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ በመጽሐፍ ቃል መልሶ አሳፈረው። ቃሉ አንድ ነው፤ ገደሉም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው፤ ጻድቁ ራሳቸውን አልወረወሩም። መላእክት ያነሡኛል ብለው ወደ ገደሉ አፋፍ የሄዱ ሳይሆኑ፣ ሊያስተምሩ ሄደው በሌላ እጅ የተጣሉ ናቸው። መታመን የምንለውና እግዚአብሔርን መፈታተን የምንለው ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። በዛሬው ዘመን ሕመሙን ለሐኪም ሳያሳይ፣ የእርሻውን ሥራ ሳይሠራ በመዝሙር ብቻ ታምኛለሁ የሚል ሰው ሲገጥመን ይህ ልዩነት ቢታወሰን መልካም ነው።

ንጉሥ ዳዊት ራሱ የመዘመሪያ ጊዜውን የመረጠ አልነበረም። 56ኛውና 141ኛው መዝሙር ከሳኦል ሸሽቶ በዋሻ በነበረ ጊዜ የጸለያቸው ናቸው። ሁልጊዜ እግዚአብሔርን ስለ ማመስገን የሚናገረው 33ኛው መዝሙርም የተዘመረው በዙፋን ላይ ሆኖ አይደለም። በጠላት ከተማ ነፍሱን ለማዳን እንደ አእምሮ ቢስ ሆኖ ካመለጠ በኋላ ነው። ይህን የሚነግረን በመዝሙሩ ራስ ላይ የተጻፈው ርእስ ነው፤ በችኮላ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንዘልለው።

ሞተለሚ በመጨረሻ ተሸነፈ፤ ያሸነፈው ግን ጦር አልነበረም። ከመኳንንቱና ከብዙ ሕዝብ ጋር አምኖ ተጠመቀ። ለንጉሡ በጥምቀት የተሰጠው ስም ፍሥሐ ጽዮን መሆኑ ሲነገር ኖሯል። ይህ የጻድቁ የራሳቸው የሕፃንነት ስም ነው። እናቱን ሊነጥቅ የነበረውን ሰው በራስ ስም መጥራት! በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ከገደሉ ተአምር ይህ አያንስም።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት ብዙ ዓመታት ተቀምጠው አስተማሩ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም ተከሉ። በወላይታ በስማቸው የሚጠራው ደብረ መንክራት ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ሲወሳ ይኖራል።

ከዳሞት በኋላ ያለው ሕይወታቸው ሌላ መልክ ያዘ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያጠመቁት ሐዋርያ እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆነው ወደ ገዳም ገቡ። በአማራ ከአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ ውኃ እየቀዱ፣ እንጨት እየለቀሙ አገለገሉ። ቀጥለውም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደው ከታላቁ መምህር ከአባ ኢየሱስ ሞአ ሥርዓተ ምንኵስናን ተቀበሉ። ወደ ትግራይ ተሻግረውም በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ብዙ ዓመት ኖሩ። ከደብረ ዳሞ አምባ በገመድ ሲወርዱ ገመዱ መበጠሱንና ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው መዳናቸውን የማያውቅ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ከገደል መጣላቸው መሆኑ ግን እምብዛም አይነሣም። ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ወደ መምህራቸውም ተመልሰው ወደ ሸዋ ወረዱ። በነገሥታት ለውጥ ላይ ነበራቸው ስለሚባለው ድርሻ ብዙ ተጽፏል፤ ምሁራንም አልተስማሙበትም፤ እኛም በዚሁ እናልፈዋለን።

በእነዚያ ገዳማት ሥራቸው ምን እንደ ነበር ለጠየቀ መልሱ አጭር ነው። ቀን ጉልበት፣ ሌሊት ዳዊት። በገዳም ሥርዓት ዳዊት ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይጸለያል፤ የሚበረቱት አባቶች ግን መላውን በአንድ ቀን ያደርሳሉ። በቀን ሰባት ጊዜ መጸለይ የሚለው ሥርዓትም የመጣው ከ118ኛው መዝሙር ነው። ይህ መዝሙር 176 ቁጥር ያለው፣ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት የተከፈለ፣ ከሁሉ የረዘመው ነው። ገና ዳዊት የጀመረ ሕፃን ይህ መዝሙር ሲደርስ መቼ ያልቃል ብሎ ይጨነቃል። መነኮሳቱ ግን የእኩለ ሌሊትን ድካም ያሳለፉት በእርሱ ነው።

በመጨረሻ በግራርያ፣ በደብረ አስቦ ዋሻ ገቡ። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ የተባለው ገዳም መነሻው ይህ ነው። ደቀ መዛሙርት ተሰበሰቡላቸው፤ ገዳሙም ሰፋ። ጻድቁ ግን ዕድሜያቸው ሲገፋ ከሰው ተለይተው አንድ ሰው ብቻ በምታስቆም ጠባብ በኣት ገቡ። በፊትና በኋላ፣ በቀኝና በግራ ሁለት ሁለት አድርገው ስምንት ጦሮችን ተከሉ። እንቅልፍ ቢጥላቸው ወደየትም መደገፍ እንዳይችሉ ነው። በዚያ ቆመው መዝሙረ ዳዊትን፣ ጸሎተ ነቢያትንና ሌሎችንም ጸሎቶች ሌሊትና ቀን አደረሱ። ከብዛቱ የተነሣ በ92 ዓመታቸው አንድ እግራቸው ተሰበረ። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 24 ቀን የምታስበው ይህን ነው። ደቀ መዛሙርቱ የተሰበረውን ዐፅም በክብር አኖሩት፤ እርሳቸው ግን ቦታቸውን ሳይለቁ በቀረው አንድ እግር ሰባት ዓመት ቆሙ።

ሥዕላቸውን በአንድ እግር ቆመው ስናይ የምናደንቀው ትዕግሥታቸውን ነው። ያ ሁሉ ዓመት ከንፈራቸው ምን ይል እንደ ነበር ግን አናስብም። ሰባት ዓመት ቆሞ ሰው ስለ ራሱ ሊያወራ አይችልም፤ ወሬው ያልቅበታል። 150ው መዝሙር ግን አልቆ እንደ ገና ይጀመራል።

ጻድቁ ወደ 100 ዓመት በቀረበ ዕድሜ ነሐሴ 24 ቀን ዐረፉ። መንበራቸውን ኤልሳዕ፣ ከእርሱም በኋላ ፊልጶስ ወረሱ። አቡነ ፊልጶስም ንጉሡን ዐፄ ዓምደ ጽዮንን በመገሠጻቸው ተሰደዱ። ከ57 ዓመት በኋላ የጻድቁ ዐፅም ከተቀበረበት ዋሻ ፈለሰ፤ ግንቦት 12 ቀን የምናከብረው ፍልሰተ ዐፅማቸው ይህ ነው። በ1929 ዓ.ም. ለዚሁ ለግንቦት 12 በዓል በደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡት መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተከበቡ። በማግስቱም በላጋ ወልዴ በመትረየስ ተረሸኑ። ፋሺስቶቹ ራሳቸው የመዘገቡት 297 መነኮሳትን ነው፤ ዲያቆናቱም ጥቂት ቀን ቆይተው ተገደሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹን ቁጥር ከዚህ እጅግ ያበዙታል። እነዚያ አባቶች ከልጅነታቸው ጀምረው በየቀኑ ዳዊት የደገሙ ነበሩ።

ገድላቸው በአንድ ጊዜና በአንድ እጅ አልተጻፈም። በዋልድባና በሐይቅ የተጠበቀው ቅጂ አለ፤ በደብረ ሊባኖስ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተዘጋጀው ደግሞ ከሁሉ ይሰፋል። ይኸው ሰፊው ገድል እ.ኤ.አ. በ1906 በለንደን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ስለ ዳሞት የነገርናችሁን የምናገኘው ከዚሁ ነው።

ወደ ገሱባ እንመለስ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተስፋፋ ወዲህ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በዚያም ዳዊት የሚደግም ልጅ ማግኘት ቀላል አልሆነም። በአንዳንድ ቤት የአያት ዳዊት ከቆዳ ማኅደሩ ሳይወጣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ሕፃናቱ የማኅደሩን ጠፍር ያውቁታል፤ ውስጡን አያውቁትም። ግዕዙ ይከብዳል የሚለው ምክንያት እውነትነት አለው። ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመበት ዳዊት ግን ዛሬ በየመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብሩ አለ። በቀን አንድ መዝሙር ለሚያነብ ቤተሰብ ከዛሬ ነሐሴ 24 ጀምሮ ጥር እስኪጋመስ ድረስ 150ው ይፈጸማል።

በወላይታ ቋንቋ እግዚአብሔር ጦሳ ይባላል። የገሱባ እናቶች ከቅዳሴ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ምስጋናቸውን የሚያቀርቡት በዚሁ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው፤ ካህኑ በመቅደስ በግዕዝ የሰበከውን የዳዊት ቃል እነርሱ ወደ ቤታቸው በሌላ ቃል ይዘውት ይሄዳሉ። ሞተለሚም በተጠመቀ ማግሥት እግዚአብሔርን ያመሰገነው በራሱ ሕዝብ አንደበት እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ጊፋታ ሊደርስ ነው፤ በየቤቱ ለዘመን መለወጫው ዝግጅት ተጀምሯል። ዛሬ ሌሊት ግን ዝናቡ ቢበረታም የጻድቁ ማኅሌት ይቆማል፤ ካህናቱም መቋሚያቸውን ይዘው እስኪነጋ ይዘምራሉ።